ያለ ቀጣሪ ግሪን ካርድ፦ ለተመራማሪዎች የኤንአይደብሊው ማመልከቻ ደረጃ በደረጃ

ሰዎች እንድመለከትላቸው የሚልኩልኝ የማመልከቻ ረቂቅ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ረጅም ሲቪ፣ የምስክር ወረቀት ክምር፣ የታተመ ጽሑፍ ሁሉ ሙሉ ቅጂ። ከሥሩ ደግሞ "ይህን ሁሉ ሠርቼ እንዴት ተጨማሪ ማስረጃ አምጣ ይሉኛል?" የሚል ጥያቄ አለ። ማመልከቻው ስላለፈው ሥራችሁ ይጠይቃል፤ ግን ዋናው ጥያቄ እሱ አይደለም። ከዚህ በኋላ ምን ልትሠሩ ነው፣ ለአሜሪካ ምን ይጠቅማል፣ ለምንስ እናንተ ትሠሩታላችሁ የሚለው ነው።

እዚህ የማወራው ስለ አንድ መንገድ ብቻ ነው። ኢቢ-2 በሚባለው የሥራ ግሪን ካርድ ክፍል ውስጥ ያለው የአገር ጥቅም ዌቨር (ግዴታ ማንሳት)፣ በተለምዶ ኤንአይደብሊው የሚባለው። ቀጣሪ አያስፈልግም። ፐርም የሚሉት የሥራ ገበያ ፍተሻም አያስፈልግም። ለራሳችሁ ራሳችሁ ታመለክታላችሁ። ክፍያና የቅጽ እትም ግን ስለሚቀያየር በምትልኩበት ቀን ከአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት (ዩኤስሲአይኤስ) ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ።

ደረጃ 1፦ በሩ ለእናንተ ክፍት መሆኑን እዩ

ሦስት ነገር ፈትሹ።

ዲግሪ። ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ካላችሁ ይበቃል። ባችለር ብቻ ያለው ሰው ከዲግሪው በኋላ በዚያው ሙያ እያደገ የሄደ የአምስት ዓመት ሥራ ማሳየት አለበት። አገር ቤት በሦስት ዓመት ባችለር በሚሰጥበት ዘመን የተመረቃችሁ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የሦስት ዓመት ዲግሪ ከአሜሪካው የአራት ዓመት ዲግሪ ጋር እኩል ላይቆጠር ስለሚችል፣ በባችለርና በልምድ ብቻ መሄድ ያሰናክላል። ከላዩ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ካለ በእሱ ተመሥርቱ። ዲግሪው ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ዘንድ አስገምግሙት።

ጄ-1። በጄ-1፣ ማለትም በልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ፣ የመጣችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን ቪዛና ዲኤስ-2019 የሚባለውን ወረቀት አውጡ። አገር ተመልሶ ሁለት ዓመት የመቆየት ግዴታ እንዳለባችሁ ወይም እንደሌለባችሁ ተጽፎበታል። ግዴታው ካለ ኤንአይደብሊው አያነሳውም። ስሙ ዌቨር ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ይሄኛው የሚያነሳው ቀጣሪ የማቅረብን ግዴታ ነው። የኤንአይደብሊው ማመልከቻ ቅጹ፣ አይ-140፣ ሊጸድቅላችሁ ይችላል፤ ግሪን ካርዱ ግን ሁለቱ ዓመት እስኪፈጸም ወይም በዲኤስ-3035 የሚጀመረው ሌላኛው ዌቨር እስኪገኝ አይመጣም። በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የመጣ ሰው፣ ለምሳሌ በፉልብራይት፣ ከኤምባሲያችን የሚያመጣው "ተቃውሞ የለንም" የሚል ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ብቻውን አያስኬደውም።

የቪዛ ዓይነት። ኤፍ-1 (የተማሪ ቪዛ) ወይም ጄ-1 ላይ ሆናችሁ አይ-140 ካስገባችሁ በኋላ ቪዛ ለማደስ አዲስ አበባ ብትሄዱ ችግር ሊገጥማችሁ ይችላል። ዲኤስ-160 በሚባለው የቪዛ ቅጽ ላይ አሜሪካ በቋሚነት የመኖር ማመልከቻ ገብቶላችሁ እንደሆነ ይጠየቃል፤ እውነቱን መመለስ ግዴታ ነው። እነዚህ ቪዛዎች ደግሞ ተመልሶ ወደ አገር የመሄድ ሐሳብ ይጠይቃሉ። ኤች-1ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ላይ ይህ ችግር የለም። ሠርግ፣ ልቅሶ ወይም የመስክ ሥራ ከፊታችሁ ካለ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ፣ ከዚያ አስገቡ።

ደረጃ 2፦ ሥራችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ስጡት።

መለኪያዎቹ የመጡት ዳናሳር ከሚባለው የ2016 የይግባኝ ውሳኔ ነው። ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ልትሠሩ ያቀዳችሁት ነገር ቁም ነገር ያለውና አገር አቀፍ ጠቀሜታ ያለው መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ እሱን ወደፊት ለመግፋት የሚያስችል አቋም ላይ መሆን አለባችሁ። ሦስተኛ፣ ሚዛኑ ሲታይ ቀጣሪና ፐርም ካልመጣ ከማለት ይልቅ ግዴታውን ለእናንተ ማንሳቱ ለአሜሪካ የሚሻል መሆን አለበት።

የታቀደውን ሥራ መሥሪያ ቤቱ "ኢንደቨር" ይለዋል። ኢንደቨር የሥራ መደብ ስም አይደለም። "ፖስትዶክ ሆኜ ምርምሬን እቀጥላለሁ" ኢንደቨር አይሆንም። የሙያ ዘርፍም አይደለም።

አንድ ምሳሌ በቅርብ እንየው። የስንዴ ዋግ የሚያጠና ሰው የመጀመሪያ ረቂቅ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፦

"በዕፅዋት በሽታ ዘርፍ ምርምሬን በመቀጠል ለምግብ ዋስትና አስተዋጽኦ ማድረግ እፈልጋለሁ።"

ማንም ሊለው ይችላል። አሁን ይህን እዩ፦

"ከማሳ የተሰበሰበ የግንድ ዋግ ናሙና በየትኛው የበሽታው ዝርያ እንደተያዘ በዘረመል ምርመራ ፈጥኖ የሚለይ ዘዴ አበለጽጋለሁ። ዘዴው አዲስ ዝርያ ወደ አሜሪካ የስንዴ አካባቢዎች ከመግባቱ በፊት አዳቃዮች የትኛውን የመቋቋም ዘረመል መጠቀም እንዳለባቸው እንዲያውቁ ያደርጋል።"

ሁለተኛው ምን እንደሚሠራ፣ በምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚጠቀምበት ይናገራል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ ሥራም እዚህ ይገባል፤ ግን ድልድይ ሥሩለት። በ2013 ዲጋሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ሲመታ እዚያ ማሳ ላይ የነበረ ሰው ትልቅ ልምድ አለው። ማመልከቻውን የሚያየው መርማሪ ግን የባሌን ገበሬ ጉዳት ከአሜሪካ ጋር በራሱ አያያይዝላችሁም። የዋግ ብናኝ በነፋስ ድንበር ይሻገራል፣ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤትም ሚኒሶታ ውስጥ በዚህ በሽታ ላይ የሚሠራ ላቦራቶሪ አለው ብላችሁ እናንተ አያይዙት።

ረቂቁን ሳይንስ ለማያውቅ ሰው አስነብቡ። እኔ የመጀመሪያዬን ለባለቤቴ ሰጠኋት። "እና ምን ልታደርግ ነው?" አለችኝ። ሦስት ሳምንት ጨመርኩበት።

ሲበላሽ፦ ማመልከቻው ከገባ በኋላ ኢንደቨሩን መቀየር አይቻልም። ማብራራት ይቻላል። "አይ፣ እኔ ያሰብኩት ሌላ ነበር" ማለት ግን አዲስ ማመልከቻ ነው።

ደረጃ 3፦ አገር አቀፍ ጠቀሜታውን በሌላ ሰው አፍ አስነግሩ

"ሥራዬ ጠቃሚ ነው" ብላችሁ አትጻፉ። የኮንግረስ ሕግ፣ የዋይት ሀውስ የቴክኖሎጂ ዝርዝር፣ የጤና ወይም የግብርና መሥሪያ ቤት ስትራቴጂ ፈልጉና ኢንደቨራችሁን የሚነካውን አንቀጽ አድምቃችሁ አያይዙ። መቶ ገጽ ሪፖርት ሙሉውን አትክተቱ። ሽፋኑና የሚመለከታችሁ ገጽ ይበቃል።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ "በዚህ ሙያ የሰው እጥረት አለ" ብሎ መከራከር ነው። የሰው እጥረት ካለ ፐርም ያለው ለዚያ ነው ይሏችኋል። ሌላው ማስተማር ነው። ዳናሳር ራሱ የበረራ ምሕንድስና ተመራማሪ ነበር። ምርምሩን ተቀበሉለት፤ ተማሪ ማስተማሩ ግን በራሱ አገር አቀፍ ተብሎ አልተቆጠረለትም። ከአገር ቤት በመምህርነት የመጣን ሰዎች ይህን እንወደዋለን፣ ረጅም ምዕራፍም እንጽፍለታለን። በአንድ አንቀጽ ጨርሱት።

ደረጃ 4፦ ልትሠሩት እንደምትችሉ አሳዩ

ሲቪው የሚገባው አሁን ነው። ቁጥር ብቻውን አይናገርም። 150 ሳይቴሽን (በሌሎች ጽሑፍ መጠቀስ) በአንዱ ዘርፍ ብዙ ነው፣ በሌላው ምንም አይደለም። በዘርፋችሁና በታተመበት ዓመት ከሌሎች ጋር ስትነጻጸሩ የት እንዳላችሁ አሳዩ። ለዚህ የክላሪቬት የመቶኛ ሰንጠረዥ የተለመደ ነው።

ከቁጥሩ ይበልጥ የሚሠራው ይህ ነው፦ የጠቀሷችሁን ጽሑፎች አንድ በአንድ ክፈቱ። አብዛኞቹ ስማችሁን ከሌሎች አምስት ስሞች ጋር በቅንፍ አልፈውታል። ጥቂቶቹ ግን "የእገሌን ዘዴ ተከትለን" ብለው ሥራቸውን በእናንተ ላይ አቁመዋል። እነዚያን አራት አምስት ገጾች ፈልጉ፣ መስመሩን በቢጫ አድምቁ፣ ደራሲዎቹ ከየት አገርና ከየት ተቋም እንደሆኑ ጻፉ። አብረዋችሁ ያልሠሩ ሰዎች መሆናቸውን ደግሞ በግልጽ ተናገሩ።

ለሌሎች ጽሑፍ ሪቪው አድርጋችሁ ከሆነ የጆርናሉን የምስጋና ኢሜይል አያይዙ። ግራንት ካለ በውስጡ የነበራችሁን ድርሻ አሳዩ። በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ፒኤችዲ ያለው ሰው ኢንደቨሩ ከወሳኝና አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች ጋር ከተያያዘ ይህ ጥሩ ነጥብ ተደርጎ እንደሚወሰድ የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ራሱ ይናገራል። ጥቀሱት።

ከሁለት እስከ አራት ገጽ የሚሆን ዕቅድም ጻፉ። በመጀመሪያው ዓመት ምን፣ በሦስተኛው ምን፣ በየትኛው ላቦራቶሪ፣ በማን ገንዘብ። የቅጥር ደብዳቤ ግዴታ አይደለም፤ ካላችሁ ግን አትደብቁት። "ያለ ቀጣሪ" ማለት ሥራ አጥ መሆን አለባችሁ ማለት አይደለም።

ደረጃ 5፦ የድጋፍ ደብዳቤ

ከአራት እስከ ስድስት ይበቃል። ግማሹ አብሯችሁ ካልሠራ፣ በጽሑፋችሁ ብቻ ከሚያውቃችሁ ሰው ይሁን። እንዲህ ዓይነቱን ሰው የምታገኙት ደረጃ 4 ላይ ካደመቃችኋቸው ገጾች ነው። በቀጥታ ኢሜይል ጻፉለት። ይሉኝታ አይያዛችሁ። ፈረንጅ ፕሮፌሰር ካልፈለገ አልችልም ይላል፣ አይቀየምም።

ረቂቅ አዘጋጅታችሁ መስጠት የተለመደ ነው። አደጋው አምስቱም ደብዳቤ በአንድ ሰው አፍ ማውራቱ ነው። አንድ ጓደኛዬን በረቂቅ ሳግዘው ሦስቱ ደብዳቤዎች ውስጥ "ወደር የማይገኝለት" የሚል ቃል አንድ ዓይነት የነጠላ ሰረዝ ስህተት ይዞ አገኘሁት። መርማሪም ያገኘዋል። ስለዚህ ረቂቁን ሳይሆን የነጥብ ዝርዝር ስጡ። ለአንዱ ስለ ዘዴው፣ ለሌላው ስለ ተጠቃሚው፣ ለሦስተኛው ስለ ወደፊቱ ዕቅድ። ሙገሳ ቀንሱ። "ጎበዝና ትሑት ነው" የሚለው ለሽማግሌ ነው የሚሆነው።

ሲበላሽ፦ ጸሐፊው ቃል ገብቶ ከጠፋ ሁለት ጊዜ አስታውሱ፣ በአሥር ቀን ልዩነት። ከዚያ ተዉት፣ ወደ ሌላ ሂዱ። አንድ ሰው ስትጠብቁ የፕራዮሪቲ ቀናችሁ፣ ማለትም ወረፋ የምትይዙበት ቀን፣ ይርቃል።

ደረጃ 6፦ ሦስተኛውን መለኪያ አትርሱ

በብዙ ረቂቅ ውስጥ አንድ አንቀጽ ብቻ ይደርሰዋል። ለምን ፐርም ለእናንተ እንደማይመች ተናገሩ። ሥራችሁ በአንድ ቀጣሪ የሚታጠር ስላልሆነ ሊሆን ይችላል። ሌላ ብቁ አሜሪካዊ ቢኖር እንኳ የእናንተ አስተዋጽኦ ለምን እንደሚጠቅም፣ ለምንስ እንደሚያስቸኩል ጻፉ። የዋጉ ምሳሌ ላይ ማስቸኮሉ ግልጽ ነው፤ በሽታው የፐርምን ወረፋ አይጠብቅም።

ደረጃ 7፦ የአገር ቤት ወረቀት

ይህ ክፍል በእንግሊዝኛ መመሪያዎች ውስጥ የለም።

ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ፓስፖርት ላይ የአባት ወይም የአያት ስም "ላስት ኔም" ሆኖ ይገባል። ጽሑፋችሁ አንዱ ላይ በአባት፣ ሌላው ላይ በአያት ስም ታትሞ ይሆናል። "ፀጋዬ" በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ይጻፋል። ሁሉንም አጻጻፍ በአንድ ገጽ ዘርዝሩ፣ ሁሉም አንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ቃል ጽፋችሁ ፈርሙበት። ኦርኪድ የሚባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥር ካላችሁ ጽሑፎቹን በሙሉ እዚያ ሰብስቡ። ጉግል ስኮላር ላይ ደግሞ የሌላ ተስፋዬ ጽሑፍ ገብቶባችሁ እንደሆነ ፈትሹና አውጡት። የሰው ሳይቴሽን ይዞ መገኘት ታማኝነትን ነው የሚበላው።

ቀን። አማርኛ ሰነድ ላይ ሐምሌ 4 ቀን 2007 ካለ ትርጉሙ ጁላይ 11 ቀን 2015 ነው። ተርጓሚው ዓመቱን እንዳለ 2007 ብሎ ከተወው ትምህርት ሳትጀምሩ ተመርቃችሁ ትገኛላችሁ። የዘመን አቆጣጠሩ መቀየሩን ትርጉሙ ላይ አንድ መስመር አስጽፉ።

ትርጉም። በእንግሊዝኛ ያልሆነ ነገር ሁሉ ሙሉ በሙሉ መተርጎም አለበት፣ ማኅተሙ ላይ ያለው ጽሑፍ ጭምር። ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ የተሟላና ትክክል እንደሆነ ጽፎ ይፈርማል።

ዲግሪ። ቴምፖራሪው ብቻ በእጃችሁ ካለ ዋናውን አሁኑኑ አስወጡ። ሬጅስትራር ቤት የሚወስደውን ጊዜ ታውቁታላችሁ። ውክልና የሚሄድላችሁ ዘመድ ከሌለ ይህን ከደረጃ 2 በፊት ጀምሩት።

ደረጃ 8፦ ቅጽ፣ ክፍያ፣ ጥቅል

ጥቅሉ ውስጥ በዚህ ቅደም ተከተል አስገቡ፦

1. የክፍያ ቅጽ። ከኦክቶበር 28 ቀን 2025 ወዲህ የወረቀት ቼክ አይቀበሉም። በካርድ ለመክፈል ጂ-1450፣ ከባንክ ሒሳብ ለመክፈል ጂ-1650 ይሞላል።
2. ለማፋጠን የምትከፍሉ ከሆነ አይ-907። ለኤንአይደብሊው 45 የሥራ ቀን ነው። ፈጣን መልስ ማለት "አዎ" ማለት አይደለም፤ በ44ኛው ቀን ተጨማሪ ማስረጃ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።
3. አይ-140፣ በእጅ የተፈረመ።
4. ለፐርም የሚሞላው የኢቲኤ-9089 ቅጽ አፔንዲክስ ኤ እና የመጨረሻ ውሳኔ የሚለው ቅጹ፣ የተፈረመ። ፐርም ስለማያስፈልግ ይህም አያስፈልግም ብሎ የሚተወው ሰው ብዙ ነው። ያስፈልጋል።
5. የማመልከቻ ደብዳቤ፣ ከዚያ የማስረጃ ዝርዝር፣ ከዚያ በቁጥር የተለየ ማስረጃ።

ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ የአይ-140 ክፍያ 715 ዶላር ነው። በተጨማሪ የአሳይለም ፕሮግራም የሚባል ክፍያ አለ፤ ለራሱ የሚያመለክት ሰው 300 ይከፍላል። ሁለቱን ለየብቻ ክፈሉ። ቅጹ ላይ ስለ ሠራተኛ ብዛት የሚጠይቀውን ቦታ ባዶ አትተዉ፤ 300 ወይስ 600 የሚለው የሚወሰነው በእሱ ነው።

የቅጹን እትም ቀን ከገጹ ግርጌ አንብቡ። የእኔ የመጀመሪያ ጥቅል የተመለሰው በዚህ ነው። ቅጹን ሞልቼ ሁለት ወር ደብዳቤ ስጠብቅ አዲስ እትም ወጣ። አራት መቶ ገጽ በዚያው ካርቶን ተመልሶ ደጃፌ ላይ ተቀመጠ። የምትልኩበት አድራሻም በማፋጠኛ መላክ አለመላካችሁና በምትሠሩበት ስቴት ይለያያል።

ደረጃ 9፦ ተጨማሪ ማስረጃ ሲጠየቅ

አርኤፍኢ መጣ ማለት ወደቃችሁ ማለት አይደለም። ደብዳቤውን አንብቡና ለአንድ ቀን አስቀምጡት። ከዚያ የትኛው መለኪያ ላይ እንደጠየቁ በሦስት ቀለም ለዩ። ብዙ ጊዜ አንደኛው መለኪያ ነው፤ ማለትም ደረጃ 2 ላይ የቸኮላችሁበት።

ቀነ ገደቡ ደብዳቤው ላይ አለ። ቢበዛ 84 ቀን ነው፣ በፖስታ ሲመጣ ጥቂት ቀን ይጨመርበታል። አይራዘምም። መልስ የሚላክበት ዕድል አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን በኋላ አይባልም። የመጀመሪያውን ማስረጃ ደግማችሁ አትላኩ። የጠየቁትን ዓረፍተ ነገር ጥቀሱ፣ ከሥሩ መልሱ፣ ከሥሩ አዲስ ማስረጃ አያይዙ።

ደረጃ 10፦ ከጸደቀ በኋላ

አይ-140 መጽደቁ ግሪን ካርድ አይደለም። ወረፋ ነው የያዛችሁት። ፕራዮሪቲ ቀናችሁ ማመልከቻው የደረሰበት ቀን ነው። በየወሩ በሚወጣው የቪዛ ቡሌቲን ላይ ኢትዮጵያ የምትታየው ለብቻዋ ስማቸው ባልተጠቀሰ አገሮች ዓምድ ውስጥ ነው። የሚቆጠረው የትውልድ አገር ነው እንጂ ፓስፖርት አይደለም። ኢቢ-2 ላይ ለዚህ ዓምድ በ2022 መጨረሻ የመቁረጫ ቀን (ከእሱ በፊት ወረፋ የያዙ ብቻ የሚስተናገዱበት) ከወጣ ወዲህ ወደፊትም ወደ ኋላም ሲል ከርሟል።

አሜሪካ ውስጥ ያላችሁ ቀናችሁ ሲደርስ የግሪን ካርዱን ማመልከቻ፣ አይ-485ን፣ ታስገባላችሁ። ቀኑ ቀድሞውኑ ክፍት ከሆነ ከአይ-140 ጋር አብሮ ይገባል። የሕክምና ምርመራው ቅጽ፣ አይ-693፣ ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ አብሮ መግባት አለበት። የጉዞ ፈቃድ ሳይመጣ ከአገር አትውጡ፤ ኤች-1ቢ ወይም ኤል ቪዛ ካልያዛችሁ በቀር ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል።

ከአሜሪካ ውጭ ያላችሁ ዲኤስ-260 የሚባለውን የቪዛ ቅጽ ሞልታችሁ በኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ትጨርሳላችሁ። ቤት ከመሸጣችሁ ወይም ሥራ ከመልቀቃችሁ በፊት ቪዛ ለዜግነታችሁ በዚያ ሰዓት እየተሰጠ መሆኑን ከኤምባሲው ማስታወቂያ አረጋግጡ። የትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች ያላገቡ ልጆች አብረው ይካተታሉ።

ውድቅ ከሆነ፦ በ30 ቀን ውስጥ፣ ውሳኔው በፖስታ ከመጣ በ33፣ አይ-290ቢ የሚባለውን የይግባኝ ቅጽ ማስገባት ትችላላችሁ። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ማመልከቻ አስገቡ እላለሁ፤ ምክንያቱም የይግባኝ መዝገብ ደካማውን ኢንደቨር ይዞ ነው የሚሄደው። ድጋሚ ማመልከት አይከለከልም። ውድቅ የሆነው ማመልከቻ ፕራዮሪቲ ቀን ግን አይተርፍላችሁም። የውድቅ ደብዳቤውን አትጣሉ፤ አዲሱ ቅጽ ከዚህ በፊት አመልክታችሁ እንደሆነ ይጠይቃል። "ጉዳዩን በውስጥ ሰው እጨርስላችኋለሁ" የሚል ደላላ በዚህ ሰሞን ስልክ ይደውላል። ስልኩን ዝጉ፤ የሕግ ምክር ካስፈለጋችሁ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ዘንድ ሂዱ።